አሳጥራ ያልጻፈች ደራሲ፤ ማሪ ኦድ ሙራይ እና «ለልጅ የሚሆን» መጽሐፍ ጣጣ

አንድ ፈረንሳዊ አባት ልጁ የውጭ ቋንቋ ካልቻለ ሰው አይሆንም ብሎ ያምናል። ስለዚህ ቤተሰቡን መኪና ላይ ጭኖ፣ ድንኳን ይዞ፣ ለዕረፍት ወደ ጀርመን ይነዳል። ልጁ ግን ቋንቋ የመማር አንዳች ፍላጎት የለውም። አጠገባቸው ከተተከለ ድንኳን ፈረንሳይኛ የማያውቅ እኩያውን ያገኛል፤ ከዚያም ከጭንቅላቱ ቃላት እየፈጠረ፣ ፈረንሳይኛ እያስተማርኩህ ነው እያለ ያስጠናው ጀመር። ያ ምስኪን ቃላቱን አንድ በአንድ ይይዛል። ሁለቱ ልጆች ማንም በማይረዳው ቋንቋ ሲንጫጩ የሰሙት ወላጆች ደስታቸው ወሰን ያጣል። ይህ ምን ቋንቋ ነው ብለው ቢጠይቁት፣ ልጁ ዓይኑን ሳያሽ «ሆላንድኛ» ይላቸዋል።

ይህች ቀጭን መጽሐፍ በ1989 ታተመች፤ በማግስቱ ዓመትም የፈረንሳይ የልጆች መጻሕፍት ሻጮችና የቤተ መጻሕፍት ባለሙያዎች የሚሰጡትን የሶርሲየር ሽልማት አገኘች። (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ደራሲዋ ማሪ ኦድ ሙራይ ትባላለች። ከዚያ በኋላ ወደ መቶ የሚጠጉ መጻሕፍት ጻፈች። በ2022 ደግሞ «የልጆች ሥነ ጽሑፍ ኖቤል» እየተባለ የሚጠራውን፣ የአንድ ደራሲ የዕድሜ ልክ ሥራ ተመዝኖ በሁለት ዓመት አንዴ የሚሰጠውን የሃንስ ክሪስቲያን አንደርሰን ሽልማት ተሸለመች።

ስለ እርሷ ለመጻፍ ያነሣሣኝ ግን ሽልማቱ አይደለም። ዛሬ ፈረንሳይ ውስጥ «ለልጅ ምን ይሆናል? ማንስ ይወስናል?» የሚለው ክርክር እንደገና ግሏል። የዚችን ሴት የአርባ ዓመት ጉዞ የተከተለ ሰው ለዚህ ክርክር ከሚኒስትሮች መግለጫ የተሻለ መንገድ መሪ ያገኛል ብዬ አስባለሁ።

ሙራይ በ1954 በወደብ ከተማዋ ለ አቭር ተወለደች። ቤቱ የጥበብ ቤት ነበር። አባቷ ገጣሚ፣ እናቷ ጋዜጠኛ ነበሩ። ታላቅ ወንድሟ ትሪስታን በዘመናዊ ሙዚቃ ዓለም አቀፍ ስም ያለው የሙዚቃ ቀማሪ ነው። ሌላው ወንድሟ ሎሪስ ደራሲ ሆነ። ታናሽ እኅቷ ኤልቪርም «ሞካ» በሚል የብዕር ስም ለልጆች ጻፈች። ሦስቱ ደራሲዎች ኋላ ላይ ተሰብስበው አንድ ተከታታይ ልብ ወለድ በጋራ አሳትመዋል። ከአንድ ማጀት ይህን ያህል ብዕረኛ ሲወጣ የሚቀናም የሚገረምም አይጠፋም።

የጉዞዋ ቁልፍ ያለው ግን ከቤተሰቧ ይልቅ፣ ብዙ ሰው ሳያነበው በሚያልፈው የዶክትሬት ጽሑፏ ውስጥ ይመስለኛል። በ1979 በፓሪስ ሶርቦን ዩኒቨርሲቲ ያቀረበችው ይህ ጥናት አርእስቱ «ምስኪኑ ሮቢንሰን!» የሚል ነው። የመረመረችው የታወቁ ልብ ወለዶች ለልጆች ሲዘጋጁ ምን እንደሚደርስባቸው ነው። ሮቢንሰን ክሩሶን በልጅነቱ በተማሪ ቤት እትም ያነበበ ሰው ነገሩን ያውቀዋል፤ ጀልባው፣ ደሴቱ፣ ፍየሎቹና አርብ የተባለው ሰው አሉ። የሰውየው የኅሊና ሙግት፣ ከፈጣሪው ጋር ያለው ክስ፣ ባሪያ ሊገዛ በተሳፈረበት ጉዞ መርከቡ መሰበሩ ግን የሉም። አሳጣሪው መቀስ ይዞ ሲገባ መጀመሪያ የሚቆርጠው «ይህ ለልጅ ይከብዳል» ያለውን ነው። ብዙ ጊዜ መጽሐፉን መጽሐፍ ያደረገውም ያው የተቆረጠው ክፍል ነው።

እንዲህ ያለ ጥናት የሠራ ሰው ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ይቀራል ተብሎ ይጠበቃል። እርሷ ግን ኑሮዋን ለመደገፍ ለሴቶች መጽሔቶች የፍቅር አጫጭር ታሪኮች ትጽፍ ነበር። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ልብ ወለዶቿ በ1985 እና በ1986 ስዊዘርላንድ ውስጥ የታተሙ የአዋቂዎች መጻሕፍት ናቸው። ወደ ልጆች የመጣችው ከዚያ በኋላ ነው። ይህን ቅደም ተከተል የማነሣው በምክንያት ነው። ለታዳጊ የሚጽፍ ደራሲ ሁሉ «ጎልምሶ ለአዋቂ እስኪጽፍ» በመለማመጃ ሜዳ ላይ እንዳለ ተደርጎ ይቆጠራል። ሙራይ መንገዱን በተቃራኒው ሄደችበት።

እዚህ ላይ ስለ ቃል አንድ ነገር ልበል። ፈረንሳዮች ከጨቅላ የሥዕል መጽሐፍ ጀምሮ እስከ አሥራ ስምንት ዓመት አንባቢ ድረስ ያለውን ሁሉ በአንድ ስም ይጠሩታል። እኛ ዘንድ ነገሩ ይጠጥራል። «የልጆች መጽሐፍ» ስንል ተረት ይታየናል፤ «ወጣት» ስንል ደግሞ የአገራችን የወጣቶች ፖሊሲ ራሱ ከ15 እስከ 29 ዓመት ያለውን ሰው ስለሚጨምር፣ ጢሙን የሚላጭ አባወራም ወጣት ነው። በመካከል ያለው፣ ድምፁ የሚጎረንነውና ከእናቱ ጋር መታየት የሚያፍረው ፍጡር «ታዳጊ» ተብሎ ይታለፋል። ሙራይ የጻፈችው በአብዛኛው ለዚህ ለሚታለፈው ነው።

መግቢያዋ ኤሚልየን የተባለ የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ነበር። ከእናቱ ጋር ብቻ ይኖራል፤ ቪዲዮ ማጫወቻ መግዣ ገንዘብ አማረው፤ ስለዚህ የሰው ሕፃናት መጠበቅ ጀመረ። ታሪኩ ይኸው ነው። ግን ልጁ በራሱ አንደበት፣ በራሱ ፌዝና ሐፍረት ያወራል፤ አንባቢውም ተከታታዩን እየጠበቀ ገዛ። ከመጽሐፎቹ ጎን ለጎን ባያር የተባለው አሳታሚ ለልጆችና ለታዳጊዎች በሚያወጣቸው ወርኃዊ መጽሔቶች ላይም ትጽፍ ነበር። የመጽሔት ሥራ ገጹ የተቆጠረ፣ ቀኑ የተቆረጠ ነው፤ አንባቢው በሁለተኛው አንቀጽ ላይ ካዛጋ አበቃ። በሙራይ መጻሕፍት ውስጥ ያለው የንግግር ፍጥነት፣ አንድ ገጸ ባሕርይ ገና አፉን ሲከፍት ማን እንደሆነ የሚታወቅበት ችሎታ፣ ከዚህ ልምምድ የመጣ ለመሆኑ ብዙም አልጠራጠርም።

ዋናው ቤቷ ግን ኤኮል ደ ሉዋዚር የተባለው አሳታሚ ነው። ይህ ቤት በ1965 ከመማሪያ መጽሐፍ አሳታሚነት ወደ ልጆች ሥነ ጽሑፍ የዞረ ሲሆን፣ ጥንካሬው መጻሕፍቱን በትምህርት ቤቶች በኩል፣ በደንበኝነት ክፍያ፣ እስከ ተማሪው ዴስክ ድረስ ማድረሱ ነው። መምህራን ክፍል ውስጥ ያስነብባሉ፤ ከዚያ ደራሲውን ይጋብዛሉ። ሙራይ በእነዚህ ጉብኝቶች አገሩን አዳርሳለች። በነገራችን ላይ ይህ ጉብኝት ለፈረንሳይ የልጆች ደራሲ ጌጥ ሳይሆን እንጀራ ነው። ለልጆች የሚጽፍ ሰው ከመጽሐፉ ሽያጭ የሚደርሰው ድርሻ በልማድ ለአዋቂ ከሚጽፈው ያነሰ ነው፤ ያውም ከሠዓሊው ጋር ሲካፈለው ይመነምናል። በ1975 የተቋቋመው የልጆች ደራሲዎችና ሠዓሊዎች ማኅበር ለትምህርት ቤት ጉብኝት የክፍያ ተመን አውጥቶ እስከ ዛሬ የሚሟገተውም ለዚህ ነው። አንደርሰንን የሚሸልም ዓለም ለጸሐፊው ግማሽ ዳቦ ሲቆርስለት ማየት ያስተዛዝባል።

በ2000 የወጣው «ኦ፣ ቦይ!» ስሟን ከፈረንሳይ ውጭ አወጣው። የመጽሐፉን ነገር ብቻ ለሰው ብንነግር ማንም ወላጅ ለልጁ አይገዛውም። ሦስት ልጆች አሉ፤ የአሥራ አራት፣ የስምንትና የአምስት ዓመት። አባታቸው ጥሎ ጠፍቷል። እናታቸው ራሷን አጥፍታለች። አንዲት ቸኮሌት የማትጠግብ ዳኛ ሞግዚት ትፈልግላቸዋለች። የተገኘው የአባታቸው ልጅ በርተሌሚ ሃያ ስድስት ዓመቱ ነው፤ ግብረ ሰዶማዊ ነው፤ የራሱን ኑሮ እንኳ በቅጡ አይመራም። ሌላዋ እኅታቸው የዓይን ሐኪም ናት፤ የምትፈልገው ግን ትንሿንና ቆንጆዋን ብቻ ነው። ልጆቹ ላንለያይ ተማምለዋል። በዚህ ላይ አእምሮው እንደ ምላጭ የሆነው ታላቁ ልጅ፣ ሲሜዎን፣ የደም ካንሰር ይይዘዋል።

መጽሐፉ ግን ያስቃል። የሚያስቀው ሐዘኑን ለማስረሳት አይደለም፤ ሐዘኑና ሳቁ በአንድ ክፍል ውስጥ፣ ብዙ ጊዜም በአንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ተፋፍገው ስለሚኖሩ ነው። ለቅሶ ቤት ተቀምጦ ስለ ሟቹ ቀልድ የሰማ የእኛ አገር ሰው ይህን ለመረዳት ማስረጃ አያሻውም። ሙራይ ይህን ከማን እንደተማረችው ራሷ አሳይታለች፤ በ2005 ስለ እንግሊዛዊው ደራሲ ስለ ቻርልስ ዲክንስ የሕይወት ታሪክ ጽፋለች። ወላጅ አልባ ልጆች፣ የማያዝኑ ሕግ አዋቂዎች፣ ደግ ግን ዝርክርክ አሳዳጊዎች፤ የዲክንስ ለንደን ዘመናዊ ፓሪስ ገብታ ተቀምጣለች።

«ኦ፣ ቦይ!» ከወጣ አራት ዓመት ቆይቶ «ሳምፕል» መጣ። ስሙ በፈረንሳይኛ «የዋህ፣ ቀላል» እንደማለት ነው። ሳምፕል ሃያ ሁለት ዓመቱ ነው፤ አእምሮው ግን የሦስት ዓመት ሕፃን ነው። ከጨርቅ የተሠራ ጥንቸሉን ከእጁ አይለይም። ስልክ ውስጥ ትንሽ ሰውዬ የታሰረ ስለሚመስለው ስልክ ይሰብራል። ታናሽ ወንድሙ ክሌቤር አሥራ ሰባት ዓመቱ ነው፤ ታላቅ ወንድሙን እንክብካቤ ከማያውቅ ተቋም አውጥቶ ፓሪስ ይወስደውና ከተማሪዎች ጋር በጋራ ቤት ይከራያል። የሙራይ ድፍረት እዚህ ላይ ይታየኛል፤ ክሌቤር መልአክ አይደለም። ይሰለቻል፣ ያፍራል፣ ሴት ልጅ ያምረዋል፣ አንዳንዴም ወንድሙ ባይኖር ይሻለው ነበር። የአካል ጉዳተኛ ወንድም ወይም እኅት ያለው ታዳጊ እንዲህ ያለውን ስሜት ለማንም ሊናገር አይችልም። መጽሐፉ ተናገረለት፤ ተናግሮም አልኮነነውም።

ሁሉም ሥራዋ በእኩል ደረጃ ላይ ነው አልልም። የሙራይ ዓለም ውስጥ ደግ ሰው ቶሎ ይገኛል። ጠባብ ማዕድ ቤት ውስጥ የማይተዋወቁ ሰዎች ተሰብስበው ቤተሰብ ይሆናሉ፤ ይህ አንዴ ልብ ይነካል፣ አራተኛ ጊዜ ሲደገም ግን የደራሲዋ እጅ ይታያል። የሰው ክፋት በአብዛኛው ድክመት ወይም ድንቁርና ሆኖ ይቀርባል። ክፋት አንዳንድ ጊዜ ክፋት ብቻ እንደሆነ የሚያውቅ ታዳጊ «እኔን አታለልሽኝ» ሊላት ይችላል።

ወደ አንደርሰን ሽልማት ልመለስ። ከሙራይ በፊት በደራሲነት ዘርፍ ይህን ሽልማት ያገኘው ብቸኛ ፈረንሳዊ ሬኔ ጊዮ ነበር፤ በ1964። በመካከል 58 ዓመት አለ። ጊዮ ሴኔጋል ውስጥ ለረጅም ዓመታት ሒሳብ ያስተማረ ሰው ነው። መጻሕፍቱ የዝሆን፣ የነብርና የአንበሳ አፍሪካን ይተርካሉ። የፈረንሳይ ልጅ በእነርሱ ውስጥ የሚያገኛት አፍሪካ ሩቅ፣ ሰፊና አውሬ የበዛባት ነች። ሙራይ በ2005 ባሳተመችው አንድ ልብ ወለድ ውስጥም አፍሪካ አለች፤ ግን አውሬ የለም። ከኮት ዲቯር ሸሽተው ጥገኝነት የጠየቁ የአንድ ቤተሰብ ልጆች በአንዲት የፈረንሳይ ከተማ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ተመዝግበዋል። በዓይን አፋርነቷ የምትሰቃይ ጀማሪ መምህርት ማንበብ ታስተምራቸዋለች። ከአገር ይባረሩ ይሆን የሚለው ሥጋት የክፍሉ ሁሉ ሥጋት ይሆናል። ጊዮ አንባቢውን ወደ አፍሪካ ወሰደው፤ በሙራይ መጽሐፍ አፍሪካ ከአንባቢው ጋር ዴስክ ትጋራለች። የግማሽ ምዕተ ዓመት የፈረንሳይ ታሪክ በሁለቱ ተሸላሚዎች መካከል ቁጭ ብሏል። እንደ እኛ ከአገሩ ወጥቶ ልጁን በሰው አገር ክፍል ያስገባ ወላጅ የትኛው መጽሐፍ እንደሚቀርበው መገመት አይከብድም።

አሁን ወደ ክርክሩ። የትኛውንም የሙራይ መጽሐፍ ገልጣችሁ የአሳታሚው አድራሻ ያለበትን ገጽ ብታዩ፣ ሐምሌ 16 ቀን 1949 ለወጣቶች ስለሚዘጋጁ ኅትመቶች የወጣውን ሕግ የምትጠቅስ አንዲት ደረቅ መስመር ታገኛላችሁ። በእርሷ መጽሐፍ ላይ ብቻ አይደለም፤ ፈረንሳይ ውስጥ ለልጆች በሚታተም መጽሐፍ ሁሉ ላይ አለች። ሕጉ የጦርነት ማግስት ልጅ ነው። ኮሚኒስቶችና ካቶሊኮች፣ በሌላ ነገር ሁሉ የማይስማሙት፣ የአሜሪካ የሥዕል ታሪኮች ልጆቻችንን አበላሹ በሚለው ላይ ተስማሙ። የመጀመሪያው ጽሑፍ ውንብድናን፣ ውሸትን፣ ስርቆትን፣ ስንፍናን፣ ፈሪነትን፣ ጥላቻን በመልካም ገጽታ የሚያሳይ የልጆች ኅትመት ይከለክል ነበር። ስንፍናን! በዚህ መለኪያ በሆላንድኛ ያጭበረበረው ልጃችን በሁለት ክስ ይቀርብ ነበር፤ በውሸትም በስንፍናም።

አብዛኛው ሰው ሕጉን የሙዚየም ዕቃ አድርጎ ረስቶት ነበር። በሐምሌ 2023 ግን የሀገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስትሩ ዤራልድ ዳርማናን ይህንኑ ሕግ ጠቅሰው አንድ ልብ ወለድ ከ18 ዓመት በታች ላሉ እንዳይሸጥ ከለከሉ። መጽሐፉ አሳታሚው ከ15 ዓመት በላይ ላሉ አንባቢዎች ብሎ ያወጣው ሲሆን፣ ስለ አንድ ጎረምሳ የሰውነት ሐፍረትና የወሲብ ምኞት የሚያወራ ነው። ግልጽ የወሲብ ትዕይንቶች አሉበት፤ ክልከላው የተመሠረተውም በእነርሱ ላይ ነበር። ደራሲዎችና መጽሐፍ ሻጮች ጮኹ። ኢንተርኔት በእጁ የያዘ የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ማንም ሳይጠይቀው የሚያየውን እያየ፣ የሚከለከለው ታዲያ ስለዚያ የሚያስብ ጽሑፍ ነው ወይ አሉ።

ወላጅ የመጨነቅ መብት አለው፤ እኔም ሁሉም መጽሐፍ ለሁሉም ዕድሜ ነው የሚሉትን አልከተልም። ነገር ግን ሁለት ነገሮች ሲደባለቁ አያለሁ። አንዱ፣ መጽሐፍ ውስጥ ምን አለ የሚለው ነው። ሌላው፣ ያ ነገር እንዴት ተይዟል የሚለው ነው። ኮሚሽንና ሚኒስቴር መቁጠር የሚችሉት የመጀመሪያውን ብቻ ነው። በዚያ ቆጠራ ከሄድን «ኦ፣ ቦይ!» ራስን ማጥፋት፣ ካንሰርና የቤት ውስጥ ድብደባ አለበት ተብሎ መደርደሪያ ላይ ይቀራል። የሮቢንሰን አሳጣሪዎች የሠሩት ስህተትም ይኸው ነበር፤ ምን እንዳለ ዓይተው ቆረጡ። የዶክትሬት ጽሑፏን በ1979 ያቀረበችው ሴት ከዚያ በኋላ የጻፈችው ሁሉ ለእነዚያ መቀሶች የተሰጠ መልስ ሆኖ ይነበባል። በ2008 ያሳተመችው፣ በእንግሊዛዊቷ ደራሲና ሠዓሊ ቢያትሪክስ ፖተር ሕይወት ላይ የተመሠረተው ልብ ወለድ ከ500 ገጽ በላይ ነው። ታዳጊ ረጅም ነገር አያነብም የሚለውን ወሬ አልሰማችም፤ ወይም ሰምታ ንቃዋለች።

ከ2016 ጀምሮ የወጣው ተከታታይ ሥራዋ ይህን ጥያቄ በራሱ ታሪክ ውስጥ አስገብቶታል። ሶቨር ሴንት ኢቭ ከካሪቢያኗ የፈረንሳይ ደሴት ከማርቲኒክ የመጣ ጥቁር የሥነ ልቦና ሐኪም ነው፤ ሙራይ በምትኖርባት በኦርሌአን ከተማ ቤቱ ውስጥ ሰው ያክማል። ክንዷን በምላጭ የምትቆርጥ የአሥራ አራት ዓመት ልጅ፣ ትምህርት ቤት ስትባል የምትታመም ሌላ ልጅ፣ በዘጠኝ ዓመቱ አልጋው ላይ የሚሸና ልጅ ይመጣሉ። ስሙ ሶቨር «አዳኝ» ማለት ሲሆን፣ የስምንት ዓመት ልጁ ደግሞ ላዛር ይባላል፤ ለአማርኛ አንባቢ አልዓዛር ብዬ ብተረጉመው ደራሲዋ የቀለደችውን ቀልድ ሳላብራራ ይገባዋል። ላዛር ከአባቱ የሕክምና ክፍል ጎን፣ በደንብ ያልተዘጋ በር አጠገብ ተቀምጦ ሁሉንም ይሰማል። አባትየው የሰው ልጆችን ምስጢር ሲፈታ፣ የራሱ ልጅ ጆሮውን አሹሎ የአዋቂውን ዓለም ይማራል። አዋቂ ሁሉ በሩን የዘጋ ይመስለዋል።

ያለፉት ጥቂት ዓመታት ሐዘንም ነበረባቸው። ከወንድሟ ከሎሪስ ጋር፣ የተወለዱባት ለ አቭር በወረርሽኝ በሯን ዘግታ በተቀመጠችበት ወቅት የሚካሄድ የወንጀል ልብ ወለድ ጽፈው በ2021 አሳተሙ። ሎሪስ በዚያው ዓመት አረፈ። ተከታዩ ክፍል በ2022 ታትሟል።

ከሽልማቶቿ ሁሉ እኔን የሚገርመኝ ግን በ2008 ጀርመን ውስጥ የተሰጣት ነው። የጀርመን የወጣቶች ሥነ ጽሑፍ ሽልማት ሁለት ዓይነት ዳኞች አሉት፤ አንደኛው የአዋቂ ሐያስያን ጉባኤ ነው፣ ሁለተኛው ከንባብ ክበቦች የተውጣጡ ታዳጊዎች ራሳቸው ናቸው። ያን ዓመት ሐያስያኑ ለታዳጊዎች ብለው የመረጡት ሌላ መጽሐፍ ነበር። «ሳምፕል»ን የመረጡት ታዳጊዎቹ ናቸው።